ግማሽ ጥፋት

ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ያልለቀቀኝ አንድ አመል አለ። መኪኖች ወደ ግራ የሚታጠፉበት ቦታ ስደርስ እግሬ ይቆማል። ባለፈው ሰሞን ቦሌ ለጉዳይ ሄጄ እንዲሁ አንድ መታጠፊያ ዳር ቆሜ ሳይ፣ የባንክ ጥበቃ የሆነ ጎልማሳ መጥቶ "እናቴ፣ የጠፋብዎት ነገር አለ?" አለኝ። "የለም፣ መኪና እያየሁ ነው" አልኩት። ትንሽ አየኝና ሄዶ የፕላስቲክ ወንበር አምጥቶ አስቀመጠኝ። አእምሮዬን ያመመኝ መስሎት እንደሆነ ገብቶኛል፤ ግን ወንበሩ ስለተመቸኝ ላስረዳው አልፈለግሁም።

ይህን ለልጄ ስነግራት ሳቀችብኝ። "እማዬ፣ ደሞዝ ሲከፍሉሽ ከቢሮ መውጣት ትጠይ ነበር፤ አሁን በነፃ ፀሐይ ላይ ትቆሚያለሽ" አለችኝ። ቀልዷ ልክ የሆነበት ቦታ አለ። ይህን የምጽፈውም ስለዚያ ነው።

ሥራዬ ምን እንደነበር ላስረዳ። በአንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ የካሳ ክፍል ውስጥ አገልግሎቴ ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው የወጣሁት። ቢሯችን ቦሌ ስለነበር ከቦሌ ሚካኤል እስከ ላምበረት፣ ከዚያም እስከ ሰሚት የሚደርሰው ግጭት አብዛኛው ወደ እኛ ይመጣል። ሁለት መኪኖች ሲጋጩ የትራፊክ ፖሊስ ቦታውን ለክቶ ፕላን ያነሳል። ፕላኑ፣ የሐኪም ማስረጃውና የሹፌሮቹ ቃል አንድ ፋይል ውስጥ ታስሮ ጠረጴዛዬ ላይ ያርፋል። እኔ ደግሞ ጥፋቱ የማን እንደሆነ፣ የሁለቱም ከሆነም ምን ያህሉ የማን እንደሆነ አስተያየት ጽፌ ለኃላፊዬ አቀርባለሁ። የተጎዳው ሰው ካሳ የሚመዘነው በዚያ አስተያየት ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ሁለት መኪኖች ተጋጭተው ጥፋቱ በዋናነት የአንደኛው ሹፌር መሆኑ ካልተረጋገጠ፣ ሕጉ ሁለቱንም እኩል እንዳጠፉ ይቆጥራቸዋል፤ ጉዳቱንም እኩል ያካፍላቸዋል። ሲሰሙት ፍትሐዊ ነው። ለእኛ ለቢሮ ሰዎች ግን መጋደሚያ ፍራሽ ነበር። ማጣራት ሲታክትህ "ሃምሳ ሃምሳ" ብለህ ትፈርማለህ፣ አለቃህም ፋይል ዘጋህ ብሎ ያመሰግንሃል።

ወደ ግራ መታጠፍ ደግሞ የተለየ ጣጣ አለው። ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ሰው ጥጉን ይዞ ይሄዳል። ወደ ግራ የሚታጠፈው ግን ከፊቱ የሚመጣውን ሁሉ አቋርጦ ማለፍ ስላለበት ቅድሚያ መስጠት ያለበት እሱ ነው። ይህን መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ቀጥታ የሚመጣውስ? ፍጥነቱ ልክ ነበር? "እለፍ" ብሎ መብራት ሰጥቶት ነበር? የሚከልለው ነገር ነበረ? ክርክሩ ሁሉ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፤ የእኔም እንጀራ ከዚያው ነበር።

ይህን ያስተማሩኝ ጋሽ መኩሪያ ናቸው። ጋሽ መኩሪያ በከባድ መኪና የጅቡቲን መንገድ ሲመላለሱ ኖረው፣ ወገባቸው እምቢ ሲላቸው ወደ ካሳ ክፍል የመጡ ሰው ነበሩ። ትምህርታቸው ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። እኔ የሕግ ዲፕሎማዬን ይዤ፣ ተረከዙ የሚያስጮህ ጫማ አድርጌ ነው የደረስኩት። የመጀመሪያው ቀን ጫማዬን አዩና "በዚህ ነው አስፋልት ላስፋልት የምንዞረው?" አሉኝ። በማግስቱ በሸራ ጫማ መጣሁ።

ልማዳቸው ብዙ ነው። ቦታውን ሳያዩ አስተያየት የሚጽፉት በእርሳስ ብቻ ነው። አይተው ሲመለሱ እርሳሱን በላጲስ አጥፍተው በእስክሪብቶ ይጽፋሉ። በእኔ ፋይል ላይ ያለጊዜው እስክሪብቶ ካዩ "አይተሽዋል?" ይሉኛል፤ ካላየሁ ወረቀቱን መልሰው ያስቀምጡታል። የሰው ቃል ሲቀበሉ "ማን አጠፋ?" ብለው ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም። "ወዴት እየሄድክ ነበር?" ነው የሚሉት። ስለ ጥፋት የተጠየቀ ሰው መከራከር ይጀምራል፤ ስለ መንገዱ የተጠየቀው ግን ቁርሱን ከበላበት ጀምሮ ያወራል ይሉ ነበር፤ እውነትም እንደዚያ ነበር።

ከሁሉም የሚያስቀኝ ጀሪካናቸው ነበረች። አሮጌ ቢጫ ጀሪካን፣ በመኪናችን ኮፈን ሥር እንዳለ ባትሪ ከእሳቸው የማትለይ ነበረች። የተጋጨው ቤት መኪና ከሆነ ጀሪካኗን ያጋድሟታል፣ ፒክአፕ ከሆነ ያቆሟታል፣ ሹፌሩ የመጣበት መስመር ዳር ይቀመጡባታል። ዓይናቸው ከሹፌሩ ዓይን ጋር እኩል እንዲሆን ነው። አውቶቡስ ከሆነ ላይዋ ላይ ይቆማሉ፤ ያኔ እኔ ከኋላ ኮታቸውን እይዛለሁ። ሰው ተሰብስቦ ይስቃል። እሳቸው ግድ የላቸውም።

ሥራው የገባኝ ላምበረት ላይ ነው። ከክፍለ ሀገር የገባ አውቶቡስ ወደ መናኸሪያው ለመግባት ወደ ግራ ሲታጠፍ፣ ከከተማ የሚወጣ ፒክአፕ መጥቶ ጎኑን መታው። የፒክአፑ ሹፌር ክንዱ ተሰበረ። ፕላኑ ግልጽ ነበር፤ አውቶቡሱ ቅድሚያ አልሰጠም። በአንድ ገጽ፣ በእስክሪብቶ፣ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የአውቶቡሱ ነው ብዬ ጻፍኩ። ጋሽ መኩሪያ አንብበው "ግጭቱ ስንት ሰዓት ላይ ነበር?" አሉኝ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። "እንግዲያው ነገ አንድ ሰዓት" አሉ።

በማግስቱ በዚያው ሰዓት ጀሪካኗ ላይ አስቀመጡኝ። ፀሐይዋ ፊት ለፊት ዓይኔ ውስጥ ገባች። መናኸሪያው በር ላይ ያለው አውቶቡስ ቀርቶ መንገዱ ራሱ አልታየኝም። ከዚያ ፒክአፑን ጋራዥ ሄደን አየነው፤ የፀሐይ መከላከያው ተነቅሎ ወድቋል፣ መስታወቱ አቧራና ተለጣፊ ወረቀት ብቻ ነው። ጋሽ መኩሪያ ሹፌሩን ወዴት ይሄድ እንደነበር ጠየቁት። ሲያወራ ቆይቶ በገዛ አፉ "ምንም አይታየኝም ነበር እኮ፣ ግን እቸኩላለሁ" አለ። አውቶቡሱ ቅድሚያ መከልከሉ አልቀረም። ሌላው ሰው ደግሞ ሳያይ መንዳቱ አልቀረም። ድርሻ ድርሻቸውን ጻፍን። ጥፋት ይካፈላል ማለት ሁለት ቦታ መቁረጥ ሳይሆን የእያንዳንዱን ድርሻ ሄዶ መፈለግ መሆኑን ያን ቀን ተረዳሁ።

ዓመታት አለፉ። ጋሽ መኩሪያ ጡረታ ወጥተው ቦሌ ሚካኤል ቤታቸው ተቀመጡ። እኔ አደግሁ፤ የራሴ ክፍል፣ የሚሽከረከር ወንበር፣ ጥሩ ደሞዝ። አዲሱ ኃላፊያችን ሰኞ ሰኞ የተዘጋ ፋይል ቆጥሮ የሚያስጨበጭብ ሰው ነበር። ብዙ ጊዜ የሚጨበጨበው ለእኔ ነው። ቦታ ማየት መጀመሪያ ለከባድ ጉዳይ ብቻ ሆነ፣ ቀጥሎ ለሠራተኞቼ ተተወ፣ በመጨረሻም ማንም የማይሄድበት ሆነ። ፎቶው በስልክ ይመጣል፣ ፕላኑ አለ፣ ምን ያስኬደኛል እል ነበር። ስለዚያ ጊዜ ሳስብ አሁንም እናደዳለሁ፤ የምናደደው በራሴ ነው።

የደቻሳ ፋይል የመጣው ያኔ ነው። ስሙን እንደሌሎቹ ስሞች ሁሉ ቀይሬዋለሁ። ደቻሳ ሰሚት አካባቢ፣ ድሮ ወላጆቹ የሚያርሱት ማሳ ኮንዶሚኒየም በሆነበት ሰፈር የተወለደ፣ ከሰሚት መገናኛ ሚኒባስ የሚነዳ የአርባ ዓመት ገደማ ሰው ነበር። መኪናው የራሱ ነው። ከእሱ ጋር የተጋጨችው፣ ወደ ግራ ትታጠፍ የነበረችው መኪና ሹፌር ሰላማዊት የሂሳብ ባለሙያ ናት፤ በእኛ ኩባንያ ኢንሹራንስ የገባችው እሷ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰላማዊት ቪትዟን ይዛ፣ እናቷን ጎኗ አስቀምጣ፣ ወደ መኖሪያ መንደሯ ለመግባት የግራ ፍሬቻ አሳይታ መሀል መንገድ ላይ ቆማለች። ከፊቷ የሚመጣው መንገድ ሁለት መስመር አለው። በውስጠኛው መስመር የሚመጣ የሠራተኞች ሰርቪስ አውቶቡስ ቆመላትና መብራቱን ብልጭ አድርጎ እለፊ አላት። የአዲስ አበባ ሹፌር ደግ ሲሆን እንዲህ ያደርጋል፤ ከጎኑ ያለው መስመር ግን ደግነቱን አያውቅለትም። ታጠፈች። በውጪው መስመር ደቻሳ ተሳፋሪ አራግፎ ባዶውን ይመጣል። አውቶቡሱ ከልሎት ስለነበር ቪትዟ ድንገት ፊቱ ድቅን አለች። መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘ። የቪትዟን አፍንጫ ጨረፍ አደረገና ከመብራት ምሰሶ ጋር ተላተመ። የሚኒባስ ሹፌር ከጉልበቱ ፊት ያለው ቆርቆሮ ነው፤ ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ደቀቀ።

ፋይሉ ውስጥ ሦስት ወረቀት ነበር። አንዱ ፕላኑ ነው። ሁለተኛው የሐኪም ማስረጃ ነው፦ የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ተደርጎ አጥንቱ አመርቅዟል፣ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ባስቸኳይ ያስፈልገዋል፣ ካልሆነ እግሩን ሊያጣ ይችላል። በመንግሥት ሆስፒታል ወረፋው ሩቅ ነበር፣ ለግል ሆስፒታል ደግሞ ካሳውን ይጠብቃል። እኛ የምንጽፈው ነገር የዚያ ሰው እግር ነበር ማለት ነው። ይህን አንብቤዋለሁ። አላየሁትም ብል እዋሻለሁ።

ሦስተኛው የሽምግልና ወረቀት ነው። ሰላማዊት ፓስተሯንና ሽማግሌዎች ይዛ ደቻሳ ቤት ሄዳ ታርቃለች። ወረቀቱ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ "ሁለቱም ወገኖች ጥፋታቸውን አምነው በፈጣሪ ስም ይቅር ተባብለዋል" ይላል። ሁለቱም ፈርመውበታል።

ክረምት ነበር፣ የሰሚት መንገድ ተቆፍሮ ጭቃ ሆኗል፣ ጠረጴዛዬ ላይ ሌሎች ፋይሎች አሉ። "ሁለቱም ጥፋታቸውን አምነው" የምትለዋን አሰመርኩባት። ከዚህ በላይ ማስረጃ ከየት ይመጣል? ሃምሳ ሃምሳ ብዬ ጻፍኩ። በእስክሪብቶ ነው የጻፍኩት። ኃላፊያችን ፈረመበት፣ ለደቻሳ የካሳው ግማሽ ብቻ እንደሚከፈለው፣ እሱንም የሚያገኘው ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም ብሎ ከፈረመ እንደሆነ ደብዳቤ ሄደለት። አልፈርምም አለ። ጠበቃ ይዞ ሰላማዊትን ከሰሰ። ደብዳቤው በሄደ ሰሞን ሰኞ ግን ተጨበጨበልኝ።

ክሱ ሲደርሰን ወራት አልፈው ነበር። አቤቱታውን ቆሜ ነው ያነበብኩት። ሁለተኛው ገጽ ላይ "ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች የተቆረጠ በመሆኑ" የሚል አለ። ቁጭ አልኩ። ፕላኑን አወጣሁ፣ መልሼ አስገባሁ። ከሰዓት በኋላ ፈቃድ ጠይቄ ቦሌ ሚካኤል ጋሽ መኩሪያ ቤት ሄድኩ።

ደጃቸው ላይ ካለው የብረት ብየዳ ቤት ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ሰምተው "አይተሽዋል?" አሉ።

"አላየሁም።"

ቤት ገብተው ኮታቸውን ደረቡ።

ሰሚት ስንደርስ ምሰሶው ላይ የሚኒባሱ ነጭ ቀለም ገና አልጠፋም ነበር። ጋሽ መኩሪያ በውጪው መስመር ዳር ቆመው፣ እኔ አውቶቡሱ የቆመበት ቦታ ላይ ሆኜ፣ ከስንት ርቀት እንደምንተያይ ለካን። ፕላኑ ላይ ያለው የፍሬን ምልክት አጭር ነው፤ ሰውየው እየበረረ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል አያጥርም። ቪትዟ ከአውቶቡሱ አፍንጫ ብቅ ካለችበት እስከ ሚኒባሱ ድረስ ያለው ርቀት ደግሞ ለፍሬን አይበቃም፣ ለመሪ ብቻ ነው የሚበቃው። ጋሽ መኩሪያ ፕላኑ ላይ የተሳለውን የጎማ መስመር በእግራቸው እየተከተሉ እስከ ምሰሶው ሄዱ። "ቀጥ ቢል የሚመታው የእናትየውን በር ነበር" አሉ። "ምሰሶውን መረጠ።"

ከዚያ ቤቱ ሄድን። ደቻሳ አልጋ ጠርዝ ላይ ክራንቹን አስደግፎ ተቀምጧል። ከኢንሹራንስ መምጣታችንን ስንነግራት ሚስቱ ጫልቱ እንደ ባለውለታ ተቀበለችን። "እስከዛሬ ወረቀት ነው የሚመጣው፤ ሰው ሲመጣ የመጀመሪያችሁ ናችሁ" አለችና ሻይ ልታፈላ ወጣች።

ጋሽ መኩሪያ "ወዴት እየሄድክ ነበር?" ብለው ጀመሩ። ደቻሳ አወራ፤ ጋራዥ፣ ባዶ መኪና፣ ዝናቡ ሲያባራ። ሲጨርስ እኔ ነኝ የጠየቅሁት።

"አቶ ደቻሳ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ጥፋቴን አምኛለሁ ብለው ፈርመዋል። ምን አጥፍተው ነው?"

ጥያቄው አልገባውም። "የቱን?"

"ወረቀቱ ላይ አጥፍቻለሁ ብለዋል።"

"እና ምን ልበል?" አለ። "ልጅቷ እናቷን ይዛ፣ ፓስተር ይዛ፣ ቤቴ መጥታ ተንበርክካ እያለቀሰች፣ እኔ ንጹሕ ነኝ ልበላት? ሽማግሌ ፊት እንዲህ ይባላል እንዴ? እሷ አጥፍቻለሁ አለች፣ እኔም አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ አልኳት። ሁለቱም ካላሉት እኮ እርቅ አይሆንም። ሽማግሌ አንዱን ብቻ አዋርዶ አያስነሳም።"

ስንወጣ ጋሽ መኩሪያ ጭቃውን እየመረጡ እየሄዱ "ያኔ ከባልሽ ጋር ሲያስታርቁሽ እኔም ነበርኩ" አሉኝ። "አጥፍቻለሁ ብለሽ ተነስተሽ ጉልበቱን ስመሻል። አጥፍተሽ ነበር?"

"ኧረ እኔ ምንም አላጠፋሁም!" አልኩ ሳላስበው።

አላዩኝም። ታክሲ መጣና ገባን። አዲስ አበባ ተወልጄ፣ በሽማግሌ ታርቄ፣ ሌሎችን ሳስታርቅ ሁለቱንም ወገን "በሉ እናንተም አጥፍተናል በሉ" እያልኩ ኖሬ፣ ቢሮ ስገባ ያንን ቃል የማያውቅ ሰው ሆኜ ነበር። ሕግ አለማወቅ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

አዲስ አስተያየት ጽፌ ለኃላፊያችን አቀረብኩ። ሳያነብ ገፋው።

"ፍርድ ቤት ከገባ በኋላ? አሁን ብንለውጥ የመጀመሪያውን ማን ጻፈው ይሉናል።"

"እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

"ስለዚህ ላንቺም ዝም ማለት ይሻልሻል።"

ኩባንያው በክሱ ጣልቃ ገብቶ ሲከራከር እኔን በምስክርነት ቆጠረኝ። ፕላኑንና የእርቁን ወረቀት እንዳስረዳ ነው። ጠበቃችን ከመግባታችን በፊት "አጭር አድርጊው፤ ሁለቱም ማመናቸውን ብቻ" አለኝ። እጄን ዘርግቼ ማልኩ። ደቻሳ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ጫልቱ ልጃቸውን አሟት እሷን ይዛ ጤና ጣቢያ ስለሄደች አልመጣችም።

የፍሬኑን ምልክት፣ አውቶቡሱን፣ ምሰሶውን አስረዳሁ። ወረቀቱን ሳነሳ ደግሞ ይህ የእርቅ ቃል ነው፣ ስለ አነዳድ የተሰጠ ቃል አይደለም አልኩ። ጠበቃችን ተነስቶ ተቀመጠ። ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

"ታዲያ ሃምሳ በመቶ ብሎ የጻፈው ማነው?"

"እኔ ነኝ፣ ክብርት ዳኛ።"

"ለምን?"

"ቦታውን ሳላይ፣ ሰውየውንም ሳልጠይቅ ስለጻፍኩ ነው።"

ደቻሳ ቀና ብሎ ያየኝ ያኔ ነው። ቤቱ ሄጄ ሻዩን ስጠጣ አልነገርኩትም ነበር።

ፍርዱ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የሰላማዊት ነው ብሎ ወጣ። ቅድሚያ መስጠት የነበረባት እሷ ናት፤ የአውቶቡሱ መብራት ደግሞ ሌላውን መስመር አያስቆምላትም። ካሳው ሳይቀነስ ተከፈለ። እኔ ወደ መዝገብ ቤት ተዛወርኩ፤ ሁለት ዓመት አቧራ ስጠርግ ቆይቼ ኃላፊው ሲቀየር ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ እስከ ጡረታዬ ድረስ ሳላይ የጻፍኩት አስተያየት የለም። ወጣቶቹ ሠራተኞች ፎቶ በቴሌግራም እያመጡ "እትዬ፣ ይኸው ይታያል" ሲሉኝ ተነሡ እላቸው ነበር፤ አማርረውኛል። ግን ከደቻሳ ፋይል በኋላ የመጣ ጥንቃቄ ለደቻሳ ምን ይፈይደዋል?

ፍርዱ የተነበበ ቀን ግቢው ውስጥ ጠበቅሁት። ስናገር የምለውን ሌሊቱን ሙሉ ሳዘጋጅ ነው ያደርኩት፤ ክራንቹን ሳይ ጠፋብኝ።

"አቶ ደቻሳ፣ ያ ወረቀት የኔ ነው።"

"ሰማሁ እኮ። እዚያው ነበርኩ" አለ።

"አንድ ጊዜ ስልክ ደውዬ ብጠይቅዎት ኖሮ…"

ግድግዳው ላይ ተደገፈ። ቁጣ አላየሁበትም፤ ቢቆጣ ይቀለኝ ነበር። "ዶክተሩ፣ ሁለት ወር ቀደም ብለህ ብትመጣ እግርህ ይተርፍ ነበር ብሎኛል" አለ። "ጫልቱ ያኔ ከክፍሉ ውጪ ነበረች። ስወጣ፣ ከመጀመሪያውም ተስፋ አልነበረውም አለኝ አልኳት። አለቀሰች፣ ከዚያ እግዜር ያመጣው ነው ብላ ተቀበለችው። እንቅልፍ የወሰዳት ከዚያ ወዲህ ነው። አሁን ወረቀት ነው ያስቆረጠው ብላ ካወቀች እንደ አዲስ ትጀምራለች። ከማን ጋር ትጣላለች? ከእርስዎ ጋር? እርስዎን እኮ ትወድዎታለች።"

"ይቅር ይበሉኝ" አልኩት።

"እሱን ይተዉት" አለ። "ለሷ አይንገሩብኝ ብቻ።"

አልነገርኳትም። ጫልቱ ስልክ ቁጥሬን ከእሱ ወስዳ ለመስቀል ትደውላለች፣ ለፋሲካ ትደውላለች። ሚኒባሱን ሌላ ሹፌር እየነዳው፣ ልጆቹ እየተማሩ፣ ደቻሳ ደግሞ ከቤታቸው በር ላይ ትንሽ ሱቅ ከፍቶ መሆኑን ከእሷ ነው የሰማሁት። ጡረታ መውጣቴን ስነግራት በጣም ደስ አላት፣ አሁን እንግዲህ እኛ ጋ መጥተው ይሰንብቱ አለችኝ። ከዚያ ሁልጊዜ እንደምትለው መረቀችኝ።

"እግሩን እግዜር ወሰደ፣ እርስዎን ደግሞ ላከልን፣ እትዬ ዘውዴ። ያን ቀን ባይመሰክሩልን ልጆቼ ምን ይሆኑ ነበር? ዕድሜ ከጤና ይስጥልኝ።"

አሜን እላታለሁ።